ለገናና ለጥምቀት ጉዞ ቀላልና ሞቃት ጃኬት አመራረጥ

ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከዱባይ ተነሥቶ ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የሚገባ ሰው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃል። ወይ ለበረዶ የገዛውን ከባድ ካፖርት ይዞ ይመጣና ከቦሌ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ በክንዱ አንጠልጥሎት ይሰነብታል፤ ወይም አገሩ ፀሐያማ ነው ብሎ አንዲት ስስ ሹራብ ብቻ ይዞ ይመጣና ሌሊቱ ሲመጣ የሚለብሰው ያጣል። ለዚህ ስሕተት ቋንቋችንም ጥቂት ድርሻ አለው። በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ታኅሣሥንና ጥርን «ክረምት» ማለት ለምደናል፤ በኢትዮጵያ ግን ክረምት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፣ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ በጋ ናቸው። ነገር ግን በደጋው አገር የዓመቱ ብርቱ የሌሊት ብርድ የሚመጣው በዚሁ በጋ ውስጥ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ለምርጫው ይጠቅማል። በክረምት ሰማዩን የሸፈነው ደመና መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት እንዳይለቅቅ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ፀሐይ እንደጠለቀች ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ሰማይ ያመልጣል፤ ብርዱም ሌሊቱን ሙሉ እየበረታ ሄዶ ጎሕ ሊቀድ ሲል ከሁሉ ይከፋል። በአዲስ አበባ በታኅሣሥ ቀኑ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ ሳለ ሌሊቱ ወደ 8 ዲግሪና አንዳንዴም ከዚያ በታች የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ጃኬት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በትንሽ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ የሚቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ንጋት የሚታመን መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የተነሡ ናቸው።

አንደኛ፤ የሚያድሩባቸውን ቦታዎች በዝርዝር ይጻፉ

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ወረቀት ይያዙና የጉዞውን ሌሊቶች አንድ በአንድ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ሌሊት አጠገብም የቦታውን ከፍታ ያስቀምጡ። ቀን የሚውሉበት ቦታ ለጃኬት ምርጫ ያን ያህል አያስፈልግም። ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በግምት ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከፍታው ስለ ብርዱ ከከተማው ስም የበለጠ ይናገራል።

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው የከፈሉት ክፍፍል ዛሬም ከሁሉ የተሻለ የልብስ መምረጫ ነው። እንደ ድሬዳዋና አርባ ምንጭ ባሉ ቆላማ ቦታዎች የሚያድር ሰው ጃኬት አያስፈልገውም፤ ቀጭን ሹራብ ይበቃዋል። ሐዋሳና ባሕር ዳር ወይና ደጋ ናቸው፤ ለሐይቅ ዳር ምሽት ስስ የፍሊስ፣ ማለትም ለስላሳ ጸጉር ካለው የፖሊስተር ጨርቅ የተሠራ፣ ጃኬት በቂ ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ፣ ላሊበላ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በእነዚህ ከተሞች የሚያድር ሰው ሙሌት፣ ማለትም በሁለት ጨርቅ መካከል የተሞላ የሚያሞቅ ነገር፣ ያለው ቀላል ጃኬት ያስፈልገዋል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሜዳውን ነፋስ ስለሚመታው፣ ውርጭ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድርባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባው ልብስ አንድ ድርብ መጨመር አለበት። ከ3200 ሜትር በላይ ያሉት የስሜን ተራሮች የድንኳን ማደሪያዎችና ከ4000 ሜትር በላይ ያለው የባሌው ሳነቴ አምባ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በእነዚያ ቦታዎች ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ይህ መመሪያ የሚናገርለት ጃኬትም ከሌሎች ልብሶች ጋር ካልተደረበ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛ፤ በብርዱ ሰዓት ምን ሲያደርጉ እንደሚያመሹ ይለዩ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነጥብ ይህ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው የገና ጉዞዬ ዘንግቼው ስለ ነበር በሰፊው ልጽፈው እወዳለሁ። ጃኬት ሙቀት አይፈጥርም፤ ሰውነታችን የፈጠረውን ሙቀት ከማምለጥ ያግደዋል እንጂ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አካል 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ዳገት የሚወጣ ሰው ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ያመነጫል። በተራራ ላይ ለሚጓዝ ሰው ተሠርቶ «እስከ ዜሮ ዲግሪ ያሞቃል» ተብሎ የተሸጠ ስስ ጃኬት፣ በ8 ዲግሪ ብርድ ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ለሚያድር ሰው ላያሞቅ የሚችለው ስለዚህ ነው።

የእኛ የበዓል ሌሊቶች ደግሞ ሰው ብዙ ሳይንቀሳቀስ የሚያድርባቸው ናቸው። የገና ዋዜማ በላሊበላ ምእመኑ በድንጋይ ላይ ተቀምጦና ቆሞ ያድራል፤ ሲነጋም ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ እኩሌቶቹ ከላይ በአለቱ አፋፍ እኩሌቶቹ ከታች በቅጥሩ ውስጥ ሆነው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲያዜሙ ለማየት የሚፈልግ ሰው ቦታውን ሳይለቅ መቆየት አለበት። ያ ሰዓት ደግሞ ብርዱ ከሁሉ የሚበረታበት ሰዓት ነው። የከተራ ዕለት ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው በድንኳን ሲያድሩም፣ በጃን ሜዳም ሆነ በጎንደሩ የፋሲል መዋኛ አብሮ የሚያድረው ሕዝብ በሜዳ ላይ ነው። በዚህ ላይ የገና ዋዜማ የጾመ ነቢያት መጨረሻ፣ የጥምቀት ዋዜማም ገሃድ ስለሆነ፣ ሌሊቱን የሚቆመው ሰው ሆዱን ሞልቶ የመጣ አይደለም፤ በሆዱ ምግብ የሌለ ሰው ደግሞ ብርዱ ቶሎ ይሰማዋል።

ስለዚህ የጉዞዎ ዋና ዓላማ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ማሳለፍ ከሆነ፣ የሱቁ መለያ ካርድ ከሚያመለክተው የሙቀት ደረጃ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን ይምረጡ። ምሽትዎን በመኪናና በዘመድ ሳሎን የሚያሳልፉ ከሆነ ግን ስስ የሆነው ይበቃዎታል።

ሦስተኛ፤ ሙሌቱን ይምረጡ

ቀላል ሆነው የሚያሞቁ ጃኬቶች ሁሉ የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ አየር በውስጣቸው ይይዛሉ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጋቢ የሚያሞቀው አራት ድርብ ሆኖ በእጅ በተፈተለው ለስላሳ ጥጥ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ልዩነቱ ያንኑ አየር ለመያዝ ጋቢ ብዙ ክብደትና ብዙ የሻንጣ ቦታ መጠየቁ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የሙሌት ዓይነት ዳውን የሚባለው የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ የሆድና የደረት ላባ ነው። ለክብደቱ ከእርሱ የበለጠ የሚያሞቅ የለም፤ ሲጨመቅም ወደ እጅግ ትንሽ ነገር ይለወጣል። ሲገዙ ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ። አንደኛው ፊል ፓወር የሚባለውና በአብዛኛው ከ550 እስከ 900 የሚደርሰው የላባው የመንፋት አቅም ነው። ቁጥሩ የሚናገረው 28 ግራም ያህል ላባ ተዘርግቶ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ነው፤ 550 የሆነው 9 ሊትር ያህል፣ 800 የሆነው ደግሞ 13 ሊትር ያህል ይይዛል። ሁለተኛው ቁጥር በጃኬቱ ውስጥ ያለው የላባ ክብደት በግራም ነው፤ ሻጮች የመጀመሪያውን በትልቁ እየጻፉ ይህን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ሁለቱ ግን አንድ ላይ ካልታዩ ትርጉም የላቸውም። 550 የሆነ ላባ 100 ግራም የተሞላበት ጃኬትና 800 የሆነ ላባ 70 ግራም የተሞላበት ጃኬት የሚይዙት አየር ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ የሁለተኛው ጥቅም በክብደትና በመጠቅለያው ማነስ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ፣ ለጎንደርና ለላሊበላ ሌሊት 700 ወይም 800 የሆነ ላባ ከ70 እስከ 100 ግራም የተሞላበት ጃኬት ተመጣጣኝ ነው ብዬ አምናለሁ። በመለያው ላይ 90/10 የሚል ቢያዩ ዘጠና በመቶው ለስላሳው ዳውን፣ አሥር በመቶው ደግሞ አገዳ ያለው ተራ ላባ ነው ማለት ነው፤ የአገዳው ላባ እየበዛ ሲሄድ ጃኬቱ ይከብዳል፣ በጨርቁ ውስጥም እየወጋ ይወጣል።

የዳውን ትልቅ ድክመት ውኃ ነው። ሲረጥብ ላባው ይጣበቃል፣ አየሩን ይለቅቃል፣ ለመድረቅም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በታኅሣሥና በጥር በደጋው ዝናብ እምብዛም ስለማይጥል ለገና መንገደኛ ይህ ብዙም አያሳስብም። ለጥምቀት መንገደኛ ግን በእጅጉ ያሳስባል፤ ጸበሉ ሲረጭ ከፊት የቆመ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ይርሳል፣ በፋሲል መዋኛም ከቡራኬው በኋላ ወደ ውኃው የሚገቡ ሰዎች ዙሪያቸውን ያሉትን ሁሉ ያረጥባሉ።

ስለዚህ ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ሁለተኛውን ዓይነት፣ ማለትም ከፖሊስተር የተሠራውን ሰው ሠራሽ ሙሌት ቢመርጥ ይሻለዋል። ከእነዚህ መካከል ስሙ የታወቀው ፕሪማሎፍት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የዳውን ምትክ እንዲሆን፣ ሲረጥብም ማሞቁን እንዳያቋርጥ ተብሎ የተሠራ ነው። ለተመሳሳይ ሙቀት ከዳውን ጥቂት ይከብዳል፣ ሲጠቀለልም ጥቂት ይሰፋል፤ ነገር ግን ይታጠባል፣ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። መጠኑ የሚጻፈው በካሬ ሜትር በሚኖረው ግራም ነው፤ 60 ግራም ለወይና ደጋና ለአዲስ አበባ ምሽት፣ ከ80 እስከ 100 ግራም ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም ሰው የሚሆን ነው።

ፍሊስ ሦስተኛው ነው። ለብቻው ነፋስ ያሳልፋል፣ በሻንጣም ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ከጃኬቱ ሥር የሚለበስ ሹራብ አድርገው ይያዙት እንጂ በደጋ ሌሊት የጃኬቱን ቦታ አይስጡት።

አራተኛ፤ ጨርቁን፣ ስፌቱንና ዚፑን ይመርምሩ

በሱቅ ውስጥ ጃኬቱን ወደ መብራት አቅጣጫ ከፍ አድርገው ይዩት። ሙሌቱ በየክፍሉ እኩል ተሰራጭቶ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በትከሻና በክርን ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ካለ ግን ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። ቀጥሎ አንዱን ክፍል በጡጫዎ ጨብጠው እስከ አሥር ይቁጠሩና ይልቀቁት፤ ጥሩ ሙሌት ወዲያው ተነሥቶ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ተጨማድዶ የሚቀር ከሆነ በሻንጣ ውስጥ ሁለት ቀን አድሮ ሲወጣም እንዲሁ ይሆናል።

ዚፑ ከኋላው ነፋስ የሚከለክል የጨርቅ መደረቢያ ይኑረው፤ አንገቱም እስከ አገጭ ይደርስ። ከኋላ ያለው ኮፍያ የሚወልቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ሴቶች በቤተ ክርስቲያን በነጠላ ስለሚከናነቡ ወፍራም ኮፍያ ከሥር ሲቆለል ያስቸግራል፣ ወንዶች ግን ከቅጥሩ ውጭ በሌሊቱ ይፈልጉታል። በውስጥ በኩል ዚፕ ያለው ኪስ ይፈልጉ። በከተራና በጥምቀት የሕዝብ መጨናነቅ ውስጥ ፓስፖርትና ስልክ በውጭ ኪስ ውስጥ መያዝ እንዲሰረቁ ማጋለጥ ነው።

ሌሎች መለኪያዎች በየትኛውም ሱቅ መለያ ላይ አይጻፉም። አንደኛው ድምፅ ነው፤ አንዳንድ ቀጭን ናይለን በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ እየተንኮሻኮሸ ጸሎት ላይ የቆመውን ጎረቤት ይረብሻል፤ ስለዚህ እጅዎን በእጅጌው ላይ አሻሽተው ያዳምጡ። ሌላው ቀለም ነው፤ በነጭ ነጠላ ሥር ደማቅ ቀይ ወይም ጥቁር ጃኬት አጉልቶ ስለሚታይ፣ ክሬም ወይም ግራጫ የተሻለ ነው፤ የበጋው አቧራ ቶሎ እንዳይታይበትም ግራጫውን አመርጣለሁ። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው እሳት ነው። በሌሊቱ ጸሎት ብዙ ሰው ጧፍ ያበራል፤ የእነዚህ ጃኬቶች ጨርቅ ደግሞ ናይለን ወይም ፖሊስተር ስለሆነ ነበልባል ሲነካው ይቀልጣል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ጧፍ በሚበራበት ቦታ ጃኬቱን ከነጠላው ወይም ከጋቢው ሥር ይልበሱት እንጂ ከላይ አይደርቡት፤ የሕፃናትን ጃኬት በተመለከተ ይህን ጥንቃቄ እጥፍ አድርገው ይያዙት። ጥጥም እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ የነጠላውን ጫፍ ሰብስቦ መያዝ ሁልጊዜም የሚገባ ነው።

ከመርካቶ ሰልባጅ ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች ጥሩ ዕቃ ሊያገኙ ይችላሉ። ሆኖም የዳውን ጃኬት በመጥፎ ሁኔታ ከታጠበ ላባው ይጓጉላልና፣ በእጅዎ እየዳበሱ ጠጠር የመሰለ እብጠት መኖር አለመኖሩን ይፈትሹ፤ ያሽቱትም፣ ምክንያቱም ርጥብ ሆኖ የቆየ ላባ ሽታው አይለቅም።

አምስተኛ፤ ከሌሎች ልብሶች ጋር ይለኩት

ጃኬት በስስ ሸሚዝ ላይ ተለክቶ የሚገዛ ከሆነ በሌሊቱ ይጠብባል። ሊለኩ ሲሄዱ የሚለብሱትን ሹራብ ለብሰው ይሂዱ። ሁለቱን እጆችዎን ወደ ላይ ዘርጉ፤ ወገብዎ መገለጥ የለበትም። ቀጥሎ እጆችዎን በደረትዎ ላይ አቆላልፈው ይቀመጡ፤ ጀርባው ከተወጠረ ሙሌቱ ተጨፍልቆ አየሩ ይጠፋልና አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ይጠይቁ። በጣም የሰፋም አይሁን፤ በውስጡ ነፋስ የሚመላለስበት ጃኬት ያንኑ ያህል ያቀዘቅዛል።

ከሥር የሚለበሰው የጥጥ ካናቴራ ባይሆን ይመረጣል። ቀን በፀሐይ ያላበው ጥጥ ርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ምሽት ላይ በቆዳ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ውስጥ ልብስ ግን ይደርቃል። ሌላ ልብስ ይዘው ካልመጡ፣ ቢያንስ ምሽት ላይ ቀን የለበሱትን ካናቴራ ይቀይሩ። ይህ ምንም የማያስወጣ ሆኖ ሳለ ከአንድ ተጨማሪ ሹራብ የማይተናነስ ለውጥ አለው።

እግርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ወልቆ ስለሚገባና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ወለል ድንጋይ ስለሆነ፣ ብርዱ የሚገባው ከታች ነው። ምርጥ ጃኬት ለብሰው በስስ ካልሲ የሚቆሙ ሰዎች ይንቀጠቀጣሉ። ሁለት ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ በጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ጋቢስ? ጋቢ ካለዎት፣ ወይም ከሽሮ ሜዳ የሚገዙ ከሆነ፣ ከላይ ደርበው ሌሊቱን ሲያሳልፉ የሚያህለው የለም፤ ስሱ ጃኬት ነፋስ ይከለክላል፣ ጋቢው ደግሞ እግርንና ጉልበትን ጨምሮ ይሸፍናል። በጥምቀት ማለዳ ግን ጸበል ከመረጨቱ በፊት ጋቢውን አጣጥፈው በቦርሳ ያስገቡት፤ ውኃ የጠጣ ጋቢ ይከብዳል፣ እስኪደርቅም ሰውነትን ያቀዘቅዛል።

ስድስተኛ፤ ከመነሣትዎ በፊት አንድ ምሽት ይሞክሩት

በሚኖሩበት አገር የአየሩ ሙቀት 8 ዲግሪ ገደማ የሆነበትን ምሽት ይጠብቁ። ለጉዞው ያዘጋጁትን ልብስ ሁሉ ለብሰው በረንዳ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጡ። በዱባይ ወይም በጅዳ ያሉ አንባቢዎች ይህን ያህል ቅዝቃዜ ስለማያገኙ፣ ከመረጡት አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን ቢይዙ ይሻላል፤ ሰውነታቸውም ሙቀት የለመደ ስለሆነ ብርዱ ይበልጥ ይሰማቸዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጀመሪያ የበረደዎት የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ ልብ ይበሉ። አንገት ከሆነ ሻርፕ፣ እግር ከሆነ ካልሲ፣ ደረት ከሆነ ግን ጃኬቱ ራሱ አልበቃምና መልሰው ይቀይሩት። የግዢ ደረሰኝዎን እስከዚህ ሙከራ ድረስ አይጣሉ።

ከዚያም ጃኬቱን በራሱ ኪስ ወይም በትንሽ ከረጢት ውስጥ ጠቅልለው መጠኑን ይዩ፤ ከአንድ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ካልበለጠ ለእጅ ሻንጣ ይመቻል። በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ አውሮፕላን ውስጥም ይበርዳል፣ ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይም የመጀመሪያውን ሌሊት ያለ ጃኬት አያሳልፉም። አገር ቤት እንደደረሱ ከከረጢቱ አውጥተው ይስቀሉት፤ ተጨምቆ ብዙ ቀን የከረመ ሙሌት የመንፋት አቅሙን ያጣል።

በጉዞው ላይና ከጉዞው በኋላ

የጧፍ ፍንጣሪ ትንሽ ቀዳዳ ቢያበጅበት በመርፌ ለመስፋት አይቸኩሉ፤ መርፌው ሌላ ቀዳዳ ይጨምራል፣ ላባውም በዚያ ይወጣል። ለድንኳን መጠገኛ የሚሸጠውን ተለጣፊ ጨርቅ ክብ አድርገው ቆርጠው ይለጥፉበት፤ ማዕዘን ያለው ቁራጭ ቶሎ ይላቀቃል።

የዳውን ጃኬት ማጠብ ካስፈለገ በለብታ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በገንዳ ውስጥ ቀስ ብለው ይጫኑት እንጂ አይሹት፣ አይጠምዝዙትም። ሲያወጡት ከሥር በሁለት እጅ ይደግፉት፤ ውኃ የያዘ ላባ ስፌቱን ይቀድዳል። በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ካስለቀቁ በኋላ በጥላ ሥር ዘርግተው፣ በየጥቂት ሰዓቱ የተጓጎለውን ላባ በጣትዎ እየፈቱ ያድርቁት። በበጋው ደረቅ አየር ይህ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ እስከ ውስጡ ሳይደርቅ አይጠቅልሉት።

ብዙዎቻችን ስንመለስ ጃኬቱን ለአባት፣ ለእናት ወይም ለታላቅ ወንድም ትተን እንሄዳለን። ይህ ከወዲሁ የታሰበ ከሆነ ምርጫው ራሱ ይለወጣል፤ ቁጥሩ ለተቀባዩ የሚሆን፣ ርዝመቱም ከወገብ ዝቅ የሚል ይሁን፤ ሙሌቱ በቤት ውስጥ በቀላሉ የሚታጠበው ሰው ሠራሹ ቢሆን ይመረጣል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጣት ትንሿን የዚፕ ጫፍ መያዝ ስለሚያቅተው፣ ከጫፏ ላይ ወፈር ያለ ገመድ ወይም ጥብጣብ አስረው ይስጡ። ጃኬቱን ሲያስረክቡም በምድጃና በከሰል አጠገብ እንዳይጠጉበት አብረው ይንገሩ።